ሦስተኛው ድልድይ

አበራሽ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ የመጀመሪያውን ድልድይ ወጣች። መንጃ ፈቃዷን አግኝታ ዛሬ ሦስቱንም ድልድዮች ብቻዋን ልትሻገር ወጥታለች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከድልድዩ ሥር አቡ ዳቢን ከየብሱ የሚለየው ቀጭን ባሕር ይታያል፤ እሷ ግን «ወንዙ» ነበር የምትለው። የመንጃ ፈቃድ ስትፈተን መጀመሪያ የወደቀችው እዚሁ ነበር። ውሃ ስትሻገር ከልጅነቷ እንደለመደችው እጇን ከመሪው አንስታ ብታማትብ፣ ፈታኟ «ኸላስ»፣ በቃ፣ ብላ ጥግ አስያዘቻት።

«እጅሽን እንዳታነሺ» አለች ጓደኛዋ መሰረት፣ ሸኽቦት ሲቲ በሚባለው ሰፈር ካለው የማዳሟ ወጥ ቤት፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ። «እኔ አማትብልሻለሁ፤ አንቺ መሪሽን ያዢ።»

አበራሽ አለፈች። ወንዙን ይዛ ነዳችና በሁለተኛው ድልድይ ተመለሰች።

«አማተብሽልኝ?»

«ሽንኩርት በያዝኩበት እጅ አማተብኩልሽ።»

አበራሽ ሳቋ አመለጣት፤ መኪናዋ ግን ከመስመሯ ንቅንቅ አላለችም።

ሦስተኛው ድልድይ አናት ላይ መንገዱ ተዘጋጋና መኪናው ሁሉ ቆመ። አበራሽ የእጅ ፍሬን ያዘች። ወንዟ ከሥሯ በፀሐይ ያብረቀርቃል።

«በይ፣ ላማትብልሽ» አለች መሰረት።

«ይሄን ተዪው። የራሴን ራሴ።»

ቀኝ እጇን አነሳች። ከግንባሯ ወደ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ፣ ሳትቸኩል አማተበች። ፊት ያሉት መኪኖች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከኋላዋ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀባት። ድሮ ቢሆን በድንጋጤ ሞተሩን ታጠፋ ነበር። አሁን በመስታወቱ አየችው።

«ቆይ እንጂ፣ አሜን ልበል» አለችው። አሜን አለችና የእጅ ፍሬኑን ለቃ ሄደች።