የመረጠው ማርሚታ

ደንበኛዬ ለፒክአፑ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ሲመርጥ ሲመርጥ ከምራጭ ወደቀ፤ ያገለገለውን አነሳ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እንደ በሽተኛ አፍ ይሸታል» አልኩት።

«ተወኝ እባክህ! እኔ የፈለግኩት ለድምፁ ነው።»

ትንፋሼን ይዤ ገጠምኩለት። ከመኪናው ስር ሆኜ «አስነሳው!» አልኩ። ወፍራም ጉርምርምታ ተሰማ። ጭስ የሚያሾልክበት ቦታ እንዳለ ለማየት፣ እንደ ልማዴ ጫፉን በጨርቅ ደፈንኩት። ጭሱ ጨርቁን ወደ እኔ ይገፋዋል ስል ጨርቁ ወደ ውስጥ ተሳበ። ታግዬ ጎትቼ ሳወጣው ለሃጭ ያዝረበርባል፤ ዳር ዳሩም ታኝኳል።

«ኧረ አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ።

ደንበኛዬ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከጋራዡ በር መጣ።

«ምኑን? ገና መቼ አስነሳሁት?»

ከጆሮዬ ስር ማርሚታው ጉሮሮውን ጠረገ።