ሰኞ የቆመችው መኪና

አሰለፈች ባሏን ምትኩን በሳምንት ሁለቴ ከሸኖ ደብረ ብርሃን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልሰው አሥራ ስድስት ዓመት ባገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ከግቢው ሳትወጣ ቀጥ አለች። መካኒኩ ተድባብ ከሥሯ ገብቶ አየና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«እትዬ፣ ጎማውን የያዘው ብረት ተሰንጥቋል። የአዲሱ ዋጋ ከመኪናዋ ይበልጣል።»

«በይድልኛ!»

«ብበይደውም መኪናዋ ታውቃለች፤ አትነሳም። የሠሯት ሰዎች ብየዳ የሚከለክለውን ሕግ እሷው ኮምፒውተር ውስጥ ነው የጻፉት።»

አሰለፈች ጎረቤት ዘንድ ሮጠች። የሰፈሩም የመስመሩም መኪኖች ሁሉ በአንድ ዘመን የተገዙ ስለነበሩ በዚያው ሰሞን እንደ እሷ መኪና ተራ በተራ በኮምፒውተራቸው ተቆልፈዋል።

ባዶ እጇን ስትመለስ ምትኩ ካፖርቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ፊቷን አይቶ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ።

«ለሐሙስ አላጣም» አለችው።

«እሺ። እስከዚያ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሐሙስም አልተገኘም። የኪራይ መኪና የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። አሰለፈች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቻዋን ገባች፤ የሬሳ ሣጥን ልትገዛ።