የነገው ክፍል

አናጢው ከሐኪም ቤት ብቻውን ተመልሶ «ምንም የለብህም አሉኝ» ሲላት ሚስቱ እፎይ አለች። ወዲያው የዕለቱን ክፍል የማንበቢያ ሰዓት መድረሱን ስልኳ አስታወሳት። በወረቀት ቢሆን ጡብ የሚያክለውን የድሮ ልብ ወለድ፣ በቀን አንድ ክፍል እያነበበችለት ከሁለት መቶ አርባው መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል። ሙሉው መጽሐፍ ስልኳ ውስጥ ቢኖርም ወደፊት ማለፍ በእሱ ዘንድ ነውር ነው፤ አንዴ የነገውን ሾልካ ብታይ ሁለት ቀን አኩርፏታል።

«እመቤቲቱ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል አይደል ያቆምነው?» አለችው አጠገቡ እየተቀመጠች። ራሱን ነቀነቀ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ሁለት መስመር እንዳነበበች፣ ኮላ የደረቀበት ሻካራ መዳፉን ስልኩ ላይ አሳረፈ።

«ተይው እሱን» አለ ቀስ ብሎ። «የመጨረሻውን አንብቢልኝ።»

ሳቀች። «አንተ ነህ ደግሞ ይህን የምትል? ነገ ምን ልናነብ ነው?»

እሱ አልሳቀም። መዳፉንም አላነሳም። የእሷም ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እስቲ ድገምልኝ» አለችው። «ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»