ከአሜሪካ የመጡት እንግዳ

ካሚል ሚስቱን ሀሲናን ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር።

እሱ ከበርበራ ሀርጌሳ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሷ መሀል ከተማ ባለ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች። ሼክ ኑር ሰፈር በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ጅግጅጋ ያሳደጉት አያቱ ከሞቱ ወዲህ፣ ከሷ በቀር የኔ የሚለው ሰው የለውም።

ለመጽሐፍ ትርኢት ኤም. ሃርዲን የተባሉ ስመ ጥር አሜሪካዊ ገጣሚ መጥተው ሀሲና የምትሠራበት ሆቴል አረፉ። ከዚያ ወዲያ ሀሲና ሌላ ሰው ሆነች። ስልኳ ሲጠራ ደጅ ወጥታ ታነሳለች። አንድ ቀን መጽሐፍ ይዛ ስታለቅስ ደረሰባት።

«ምን ሆነሻል?»

«ግጥም ነው። የእንግዳችን» አለችና መጽሐፉን ከደነችው። «ካሚልዬ፣ ልጅ ሆነህ ምን ያስፈራህ ነበር?»

«ወሬ አታስቀይሪኝ!»

በማግስቱ፣ ጭነት ሲያራግፍ፣ እንግሊዝኛ የሚያነበውን ባለመጋዘኑን ኤልሚን ስለ እንግዳው ጠየቀው።

«እኚህማ ትልቅ ሰው ናቸው!» አለ ኤልሚ። «ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት ለአንድ ሰው ነው። እዚህ አካባቢ ትተውት ስለሄዱት ሰው። ስሙን አንድም ቦታ አልጠሩትም።»

«ፍቅር ነዋ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አሁንም የመጡት ፍለጋ ነው ይባላል።»

ካሚል መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሀሲና ለሱ ከመዳሯ በፊት ስለነበራት ሕይወት አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ቆማ ጠበቀችው። ያንን የሠርጓን ሽቶ ተቀብታለች።

«ነገ ሥራ አትግባ» አለችው። «ሆቴል ይዤህ የምሄደው ጉዳይ አለኝ።»

«ሰውዬሽን ልታስተዋውቂኝ?»

ሀሲና አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አልለየለትም። «አስታግፊሩላህ! እስከ ነገ ታገሠኝ፤ ሌላ አልልህም» ብላ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ነገን ማን ይጠብቃል! እሱም ሌላ ባጃጅ አስቁሞ ተከተላት። መንገዱን ሙሉ የሚያየው የሰውዬውን እጅ ነበር፤ ለስላሳ፣ ብዕር እንጂ መሪ ጨብጦ የማያውቅ እጅ፣ የሚስቱን እጅ ይዞ። እፈታታለሁ ሲል ልቡ ይሸበራል፤ አልፈታትም ሲል ደሙ ይፈላል።

ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ከኮሪደሩ ጫፍ የሀሲና ድምፅ ተሰማው፦ «ይወድዎታል፤ አይፍሩ።»

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«የታለ?» ሲል ጮኸ።

ወንድ አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ የሀሲናን እጅ ጨብጠው፣ አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴት ተቀምጠዋል። ሲያዩት ሌላውን እጃቸውን ዘረጉለት።

«ካሚል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አለች ሀሲና። «የግጥሙ ልጅ አንተ ነህ፤ እናትህ ናቸው።»