ከማንጎው ጀርባ

ሐይቁ ዳር ያለውን ማንጎዬን ሦስት ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አያቅፉትም። ዘንድሮ ዝሆን የሚያስለቅስ አለብላቢት ተጠመጠመበት። ሐረጉን ቢጎትቱት ቅርፊቱን ይዞ ይወርዳል፣ ዛፉም ይደርቃል፤ በግቢዬ ደግሞ ከርሱ ሌላ ማን ቀረኝ? የሐረጉን ሥር ቆረጥኩና፣ ዙሪያውን እየተቀባበልን እንድንፈታው ጎረቤቴን ኑርዬን ጠራሁት።

እኔ ሳቀብል ከግንዱ ጀርባ ይቀበለኛል። ዘንዶ በጥፊ የጣልኩበትን ወሬ ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ኑርዬ፣ «ይሄንንስ ለማንጎው ይንገሩት!» እያለ ያቋርጠኝ ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ወላሂ ደስ ቢለኝ፣ ሁለተኛ ዘንዶ ጨመርኩ።

«ጋሽ ኡበይድ!» አለ ኑርዬ ከአጥሩ በር ጓንት እያጠለቀ። «ቆየሁብዎ፤ ብቻዎን ጀመሩት እንዴ?»

ከግንዱ ጀርባ የሐረጉ ጫፍ ዞሮ መጣ፤ እስክቀበለው ድረስም ከፍ ብሎ ጠበቀኝ።