የሦስተኛው ወንዝ ድልድይ

ድርጅቱ የሚሸጠው አንድ ጌም ብቻ ነበር። ተጫዋቹ በፈረስ ሰባት ሸለቆ አቋርጦ አንዲት ከተማ ይደርሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የጀመረው ሰው ግን አይተወውም። ምሳ ያስረሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ችግሩ፣ ከሚጫወቱት ውስጥ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ጥቂቶች ናቸው። ኮፒ እንዳይደረግ ቢቆልፉት በሳምንቱ ይሰበራል። ሌላ ቁልፍ ቢያበጁለት እሱም ይሰበራል። በመጨረሻ ፕሮግራመሮቹ ሌላ ዘዴ አመጡ። ኮፒው ይሠራል፣ ፈረሱ ይጋልባል፤ ሦስተኛው ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን ድልድዩ አይወርድም። ኦሪጅናሉን የገዛ ሰው እዚያ ቦታ ችግር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ድርጅቱ ደውሎ «ድልድዩ እምቢ አለኝ» ያለ ሁሉ በገዛ አፉ ተናዘዘ ማለት ነው።

የስልክ ክፍሉ ኃላፊ ዘዴውን ወደደው። «ማስተካከያ እንልክልዎታለን፣ አድራሻዎን ይስጡን» ማለት ብቻ ነው፤ የቀረውን ጠበቃው ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ አድራሻ ተገኘ። በሁለተኛው ወር አንድም አልተገኘም።

ከኦፕሬተሮቹ አንዱ ደዋዮቹን እያስመለጠ እንደሆነ ኃላፊው እርግጠኛ ነበር። አራት ናቸው። ከሦስቱ ጋር አንድ አንድ ቀን ተቀምጦ ጥሪያቸውን አዳመጠ፤ ነገር አላገኘባቸውም። የቀረችው መስኮት ዳር የምትቀመጠው ናት። ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እሱን ግን ዝምተኛ ሰው ያስጨንቀዋል።

ረቡዕ ጠዋት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገ።

«ዛሬ አብሬሽ አዳምጣለሁ።»

«ምነው፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«መኖር አለመኖሩን እናያለን።»

ሦስት ተራ ጥሪዎች አለፉ። አራተኛው የአንዲት ባልቴት ድምፅ ነበር።

«ሃሎ፣ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ?»

ኦፕሬተሯ ጀርባዋን አቀናች። «ጤና ይስጥልኝ፣ የደንበኞች አገልግሎት ነው። ምን ልርዳዎት?»

«ድምፅሽ ምነው? አሞሻል እንዴ?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። አሮጊቶች ስልክ ላይ ያው ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው ሳይመክሩና ሳይመርቁ አይዘጉም።

«ደህና ነኝ፣ እናቴ። ጉዳይዎን ይንገሩኝ።»

«ጉዳዬማ ያው ፈረሱ ነው። እግሬ ከተያዘ ወዲህ በእሱ አይደል አገር የማየው? ሽቅብ ስጋልብ ጉልበቴን እረሳዋለሁ። አሁን ግን ወንዙ ጋ ስደርስ…»

«ኮምፒውተሩ ደክሞት ይሆናል» ብላ አቋረጠቻቸው። «አጥፍተው ያስነሡት፣ ይስተካከላል። በሉ ደህና ይዋሉ።»

ኃላፊው እጇን ያዘው። ይኸው፤ ዓይኑ እያየ ልታስመልጣቸው ነው። ወረቀት ሳበና በትልቁ ጻፈ፦ «ድልድዩን ጠይቂ።»

ኦፕሬተሯ ጽሑፉን አየችው፤ ከዚያም እሱን አየችው።

«ምናልባት ድልድዩ ነው ያስቸገረዎት?»

«እሱ ነው እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ወንዝ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤት የጫነልኝ ነውና እሱም መላውን አጣው።»

ኃላፊው እንደገና ጻፈ፦ «አድራሻ»። ሁለቴ አሰመረበት።

«ማስተካከያ… እንልክልዎታለን» አለች። ድምጿ ወርዷል። «አድራሻዎን መስጠት ግን ግዴታ የለብዎትም። ካልፈለጉ…»

ኃላፊው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

«አድራሻዎን ይስጡኝ፣ እናቴ» አለች።

ዝምታው ረዘመ። ኃላፊው ስልኩን የዘጉት መስሎት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ትንፋሻቸው ይሰማል። በኋላ ሲናገሩ የቅድሙ «ልጄ» ጠፍቷል።

«ይጻፉ እንግዲህ፣ እመቤት» አሉ። «ሥራዎ ነው።»

ተቀየሙ፣ አለ ኃላፊው በልቡ። ይቀየሙ።

ባልቴቷ ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር አስጻፉ። ኦፕሬተሯ አንዱንም አላስደገመችም፤ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቱን ራሷ አንሥታ ሰጠችው።

«ጠርጥሬሽ ነበር» አላት። «ይቅርታ።»

ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ነገ ከጠበቃው ጋር እንሄዳለን። ጥሪውን የተቀበልሽው አንቺ ነሽና ምስክር ሆነሽ ትመጫለሽ።»

«ኮምፒውተሩን ትወስዱባቸዋላችሁ?»

«ሕጉ እንደዚያ ነው።»

በማግስቱ መኪናውን የነዳው ጠበቃው ነበር። ሰፈሩ መንገዱ የተጠላለፈ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተው ዞሩ። ጠበቃው መነጫነጭ ሲጀምር ከኋላ ወንበር «ከፋርማሲው ቀጥሎ፣ በግራ» የሚል ድምፅ መጣ። ኃላፊው ዞሮ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፣ ብሎ አሰበ። እሱም ደስ አላለውም። አሥራ አንዱን ሰው የከሰሰው በደብዳቤ ነው፤ የአንዱንም ፊት አላየም። ዛሬ ግን እግራቸው የተያዘ ባልቴት ፊት ቆሞ ፈረሳቸውን ሊቀማ ነው።

«ብትፈልጊ መኪናው ውስጥ ቆዪ» አላት።

«አይ፣ እገባለሁ።»

ቤቱ ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። ጠበቃው ወረቀቱን አስተካክሎ ለማንኳኳት እጁን ሲያነሣ ኦፕሬተሯ በሁለቱ መካከል አልፋ ቀደመችው፤ ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ በሩን ከፈተችና ወደ ውስጥ ተጣራች።

«እማዬ፣ እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ።»