ከግድግዳው ጀርባ

«እህትዬ፣ ነይ! ደሜ አለቀ!» ይጮኻል ወንድሟ በጆሮ ማዳመጫው፣ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጦ።

ጌም ቤቱ ውስጥ አራቱ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፦ ወንድሟ፣ ጋሻ የሚይዘው ግዙፉ «ጎተራው»፣ ፀጉር አስተካካዩና እሷ። የእሷ ሥራ መተኮስ አይደለም፤ የቆሰለውን ማከም ነው። ጌሙ ውስጥ የሚጠብቁትን ድልድይ ካላስነኩ ዙሩ የእነሱ ነው። ካስነጠቁ ግን አካሚነቱን ፀጉር አስተካካዩ ይረከባታል፤ እሷም ከነገ ጀምሮ ቤቷ ትቀመጣለች። ትናንት ራሱ ሳይሸፋፍን ነግሯታል፦

«ወንድምሽ በጠራሽ ቁጥር ሮጠሽ አብረሽው ትሞቻለሽ። እኛ የእንጀራ ልጆችሽ ነን?»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ወንድሟ «ነይ» የሚላት እዚህ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሰላም ብሏት ያልፋል።

«ነይ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» ይጮኻል ወንድሟ አሁንም።

ድልድዩን ተሻግሮ ብቻውን ጠላት መሃል ገብቷል። ከሄደች ሁለቱም አይተርፉም። ጎተራው ደግሞ ጋሻው ተሰንጥቆ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል፤ እሱ ከወደቀ ሁሉም አበቃ። አይጠራትም። በማዳመጫው የሚሰማት ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል።

እጇ ወደ ወንድሟ ሊሄድ ይልና ይመለሳል። ከተከለለችበት ግድግዳ ጀርባ ሳትወጣ የሕክምናውን ብርሃን ጎተራው ጀርባ ላይ ትተክላለች።

«አልመጣም» ትላለች ቀስ ብላ። «አንተ ና።»

«ጉድ! የገዛ እህቴ!»

የወንድሟ ስክሪን ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል። ዞር ብላ አታየውም። ፀጉር አስተካካዩ ከጋሻው ጎን ብቅ ጥልቅ እያለ አንዱን ይጥላል፣ ደግሞ ሌላውን። ድልድዩ ላይ ከጠላት ማንም አይቀርም።

«እሰይ የኔ እናት!» ይላል ጎተራው፣ ላብ ያጠመቀውን መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

ፀጉር አስተካካዩ ምስጋና አያውቅበትም። «በይ አካሚ፣ ተዘጋጂ» ይላታል፤ «ገና ዙር አለብን።»

ወንድሟ እንዳኮረፈ ማዳመጫውን ያጠልቃል። ዙሩ ሲጀመር፣ እንደ ልማዱ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይፈተለካል። ከዚያ ያለ አመሉ ድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል።

ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ትንሽ ወታደር ፊቱን አዙሮ፣ የት እንዳለች ይፈልጋታል።